ዛፉን መገልበጥ ያቃተው ሰው፦ የማክስ ሃወል የጉግል ቃለ መጠይቅ

እንግሊዛዊው ፕሮግራመር ማክስ ሃወል ጁን 10 ቀን 2015 ትዊተር ላይ አንዲት አጭር መልእክት ጻፈ። (ዓመታቱን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) ጉግል ለሥራ ፈትኖት አልቀበልህም ብሎታል። መልእክቷን የጻፋት ጉግል ራሱ እየተናገረ እንዳለ አድርጎ ነው። ፍሬ ነገሯ ይህ ነው፦ ከመሐንዲሶቻችን 90 በመቶው አንተ የጻፍከውን ሆምብሩው የተባለ ሶፍትዌር ይጠቀማሉ፤ ሰሌዳ ላይ ባይነሪ ትሪ የሚባለውን የመረጃ ዛፍ መገልበጥ ግን አልቻልክምና ሂድልን። የመጨረሻዋ ቃል ከዚህ እጅግ የከረረች ስለሆነች አልደግማትም።

መልእክቷ በፕሮግራመሮች መካከል እንደ ሰደድ እሳት ተዛመተች። ገሚሱ ሰውየው ግፍ ተፈጸመበት አለ። ገሚሱ ደግሞ ጥያቄው የኮምፒውተር ሳይንስ ጀማሪ የሚመልሰው ነው፤ እሱን ካላወቀ ምን ያማርረዋል አለ። ሌሎች ደግሞ ዛፍ መገልበጥ ማለት ራሱ ምን ማለት ነው ብለው ተከራከሩ። ክርክሩ እስካሁን አልቆመም።

ጉዳዩን ዛሬ የማነሳው ለወሬ አይደለም። የሥራ ፈላጊ ገጠመኝ ብዙውን ጊዜ የሚሰማው ከአንድ ወገን ብቻ ነው። የተቆጣ ሰው ይናገራል፤ ከዚያ ይረሳል። ሃወል ግን ንዴቱ ከበረደ በኋላ ተመልሶ ራሱን መረመረ። የሠራው ሥራም ለማንም ክፍት ስለሆነ አይተን መፍረድ እንችላለን። ደግሞም ያው ጥያቄ ዛሬ አዲስ አበባና አዳማ ያሉ ልጆቻችን ሌሊት ሲለማመዱት የሚያድሩት ጥያቄ ነው።

መጀመሪያ ሰውየው ምን እንደሠራ እንይ። ሃወል ሆምብሩውን የጀመረው በ2009 ነው። ማክ ኮምፒውተር ላይ ሶፍትዌር የሚሠራ ሰው ብዙ ትንንሽ ፕሮግራሞች ያስፈልጉታል። አፕል እነዚህን ሁሉ አዘጋጅቶ አይሰጥም። አንዱን ለመጫን ኮዱን ታወርዳለህ፣ ኮምፓይል ታደርጋለህ፣ ማለትም ማሽኑ ወደሚገባው ቋንቋ ትቀይረዋለህ። መሀል ላይ ሌላ ፕሮግራም ይጎድላል ይልሃል። ያንን ስታመጣ ደግሞ ሦስተኛ ይጠይቅሃል። እንዲህ እያልክ ግማሽ ቀን ይሄዳል። ሥራውን የሚያቀሉ መሣሪያዎች ከዚያ በፊትም ነበሩ፤ ግን ብዙ ሰው ከባድ ሆነውበት ነበር። ሆምብሩው ሲመጣ ቴርሚናል ላይ፣ ማለትም ትዕዛዝ በሚጻፍበት መስኮት ላይ አንዲት መስመር መጻፍ በቂ ሆነ። የጎደለውን ሁሉ ራሱ ፈልጎ ያመጣል።

ስሙ ቤት ውስጥ ከሚጠመቅ ቢራ የተወሰደ ነው። ቃላቱም ሁሉ ከዚያው ናቸው። የእያንዳንዱ ፕሮግራም የአጫጫን መመሪያ ፎርሙላ ይባላል፤ የተጫነው የሚቀመጥበት ቦታ የመጠጥ ጓዳው ነው። በርሜልም ጠርሙስም አለ። ጠላ ሲጠመቅ እያየ ላደገ ሰው ምሳሌው ወዲያው ይገባዋል፤ ጥንስሱ አለ፣ ጋኑ አለ፣ መቅጃው አለ። ይህን የማነሳው ስሙ ራሱ የሰውየውን ጠባይ ስለሚያሳይ ነው። መሣሪያው ለሰው እንዲገባ ይጨነቃል። አንድ ነገር ሲበላሽ ሆምብሩው ስህተቱን ብቻ ወርውሮብህ አይሄድም። ምን እንደተበላሸና ቀጥሎ ምን ብታደርግ እንደሚሻል ይነግርሃል። ይህ ነገር ቀላል ይመስላል። እኔ ግን ኮምፒውተር ላይ በቆየሁባቸው ዓመታት ይህን ያህል ለተጠቃሚው የሚያስብ መሣሪያ ያየሁት በጣት የሚቆጠር ነው።

በእርግጥ ሆምብሩው በ2015 የአንድ ሰው ሥራ ብቻ አልነበረም። ብዙ በጎ ፈቃደኞች እጃቸውን አስገብተውበት ነበር። መሠረቱን የጣለው ግን እሱ ነው።

አሁን ወደ ጥያቄው። ባይነሪ ትሪ ማለት የመረጃ አደራደር ነው። የዘር ሐረግ አስብ፤ ከላይ አንድ አያት አለ። እያንዳንዱ ሰው ቢበዛ ሁለት ልጆች ብቻ ሊኖሩት ይችላሉ፤ አንዱ ግራ፣ አንዱ ቀኝ። ልጆቹም እንዲሁ ይወልዳሉ። ዛፉን ገልብጥ ሲባል በመስታወት ውስጥ እንደሚታይ አድርገው ማለት ነው። ግራ የነበረው ሁሉ ቀኝ ይሆናል፤ ቀኝ የነበረው ግራ።

መፍትሔው አጭር ነው። አያቱ ጋ ቁም። ማንም ከሌለ ተመለስ። ካለ ሁለቱን ልጆች አቀያይር። ከዚያ ያንኑ ሥራ በግራ ልጁ ላይ ድገም፤ በቀኝ ልጁም ላይ ድገም። በቃ። ራሱን መልሶ የሚጠራ ኮድ፣ ማለትም ሪከርሽን የገባው ሰው ስድስት ሰባት መስመር ይጽፍና ይጨርሳል። ካልገባህ ግን ሰሌዳው ፊት ቆመህ ከምንም ተነስተህ ልትፈጥረው አትችልም ማለት ይቻላል። እዚህ ላይ ነው ነገሩ የሚከብደው። ጥያቄው አንድን ሐሳብ ቀድመህ ማወቅህን ይለካል። ሐሳቡን የያዘ ሰው ቀላል ነው ይላል፤ ያልያዘው ሰው ድንጋይ ይሆንበታል። መሀል የለውም።

ክፍሉን ደግሞ አስቡት። የትልልቆቹ ኩባንያዎች አሠራር በዚያ ዘመን ተመሳሳይ ነበር። መጀመሪያ ቀጣሪው ይደውላል። ቀጥሎ በስልክ አንድ ሁለት ጥያቄ ይመጣል። እዚያ ካለፍክ ቢሮ ትጠራለህ። በአንድ ቀን ብዙ ሰዎች ተራ በተራ ይገባሉ፤ እያንዳንዱ 45 ደቂቃ ገደማ ይቀመጣል። እጅህ ላይ ማርከር አለ። ኮምፒውተር የለም። ኮዱ መሥራት አለመሥራቱን የሚነግርህ ነገር የለም። ያንተም ኢንተርኔት፣ ያንተም ማስታወሻ ውጭ ቀርቷል። ጠያቂው ያዳምጣል፣ ይጽፋል። ጉግል ውስጥ ጠያቂው ብቻውን አይወስንም፤ የሁሉም ማስታወሻ ተሰብስቦ ኮሚቴ ያየዋል። ኮሚቴው አንተን አላየህም። የሚያየው ስለ አንተ የተጻፈውን ነው።

ደግሞ ዝም ብለህ ማሰብ አይፈቀድም። ድምፅ አውጥተህ አስብ ይሉሃል። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ምክንያቱም የእኛ ልጆች ብዙ ጊዜ የሚሰናከሉት እዚህ ነው። እኛ ያደግነው መምህሩ ሰሌዳ ላይ ውጣ ሲለን ልባችን እየመታ ነው። ጠመኔውን ስትይዝ ክፍሉ ሁሉ ያይሃል። እርግጠኛ ካልሆንክ ዝም ትላለህ፤ ተሳስቶ መናገር ያሳፍራል። በታላቅ ፊት ቃልህን መጥነህ መናገርም ከቤት የተማርከው ነው። ቃለ መጠይቁ የሚፈልገው ደግሞ የዚህን ተቃራኒ ነው። ገና ያልበሰለውን ሐሳብህን፣ ጥርጣሬህን፣ የተሳሳተ ሙከራህን ሁሉ በእንግሊዝኛ እያወራህ እንድትሠራ ይጠብቃል። ጎበዝ ልጅ ዝም ብሎ አስቦ ትክክለኛውን መልስ ቢጽፍ እንኳ ማስታወሻው ላይ ሐሳቡን አይገልጽም ተብሎ ሊጻፍበት ይችላል። ይህ የችሎታ ጉዳይ አይደለም። የአስተዳደግ ጉዳይ ነው።

ሰው ፊት ቆሞ ማሰብ ምን ያህል እንደሚከብድ በኋላ ተለክቷል። የኖርዝ ካሮላይና ስቴት ዩኒቨርሲቲና የማይክሮሶፍት ተመራማሪዎች በ2020 አንድ ጥናት አወጡ። 48 የኮምፒውተር ሳይንስ ተማሪዎችን ወሰዱ። ግማሾቹ ጠያቂ እያያቸው ሰሌዳ ላይ እያወሩ ችግር ፈቱ። ግማሾቹ ክፍል ውስጥ ብቻቸውን ሆነው፣ ሰሌዳ ላይ፣ ማንም ሳያያቸው ፈቱ። የሚታዩት ሰዎች ውጤት ከግማሽ በላይ ወረደ። በጠያቂ ፊት ከተፈተኑት ሴቶች አንዷም አላለፈችም፤ ብቻቸውን የተፈተኑት ሴቶች ግን ሁሉም አለፉ። የሴቶቹ ቁጥር ጥቂት ስለነበር በዚህ ብቻ ትልቅ መደምደሚያ ላይ አይደረስም። ቢሆንም ቁጥሩን ሳነበው ደንግጫለሁ። ስንት ጎበዝ ሴት ልጅ አልችልም ብላ ቤቷ ተመልሳ ይሆን ብዬ አሰብኩ። ትችል ነበር። የታየችው ግን በማትችልበት ሁኔታ ነው።

ጉግል ራሱ ችግሩን በከፊል ያውቀው ነበር። በዚያን ጊዜ የኩባንያውን የሰው ኃይል ዘርፍ ይመሩ የነበሩት ላዝሎ ቦክ በ2013 ለኒው ዮርክ ታይምስ በግልጽ ተናግረዋል። አውሮፕላን ውስጥ ስንት የጎልፍ ኳስ ይገባል የሚሉት ዓይነት እንቆቅልሾች ምንም አይጠቅሙም፤ ጠያቂውን ብልህ የሆነ ያህል እንዲሰማው ከማድረግ በቀር ፋይዳ የላቸውም አሉ። ኩባንያው በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ቃለ መጠይቆችን መርምሮ ነበር። ጠያቂዎች የሰጡትን ነጥብ ሰውየው በኋላ ሥራ ላይ ካሳየው ውጤት ጋር አስተያዩት። ዝምድና አላገኙም። እንቆቅልሾቹ ቀሩ። የሰሌዳው ኮድ ግን ቀጠለ። ሃወል ሰሌዳው ፊት የቆመው ይህ ከተባለ ከሁለት ዓመት በኋላ ነው።

እንግዲህ ጉግል ተሳስቷል ማለት ነው? ለብዙ ጊዜ እኔም እንዲያ ነበር የማስበው። የሃወል ኮድ ጊትሃብ በተባለው የኮድ ማስቀመጫ ድረ ገጽ ላይ ከ2009 ጀምሮ ተዘርግቶ ነበር። እያንዳንዱን መስመር ማንበብ ይቻላል። ከተጠቃሚዎች ጋር እንዴት እንደተነጋገረ፣ ስህተት ሲገኝበት እንዴት እንዳረመ፣ ለማን እሺ ለማን እምቢ እንዳለ ሁሉ ተጽፎ ይገኛል። ስድስት ዓመት የተሠራ ሥራ ጠረጴዛው ላይ እያለ ሰውን በ45 ደቂቃ ሰሌዳ መመዘን ለምን? እርሻው በሰብል ተሞልቶ እያየኸው፣ ገበሬውን ማረሻ ሣልልኝ ብሎ እንደመፈተን ሆኖ ይሰማኝ ነበር።

ሐሳቤን ያላላው የሃወል የራሱ ቃል ነው።

ከጊዜ በኋላ ኮራ በተባለው የጥያቄና መልስ ድረ ገጽ ላይ አንድ ሰው ጉግል ሃወልን ያልቀበለው በምን ምክንያት ይሆን ብሎ ጠየቀ። መልሱን ሃወል ራሱ ጻፈው። ጉግልን ደግፎ ነው የጀመረው። የጻፍኩት ነገር ተራ ፓኬጅ ማኔጀር (ፕሮግራሞችን የሚጭን መሣሪያ) ነው፣ ማንም ሊጽፈው ይችላል፣ የእኔው እንዲያውም ደካማ ነው አለ። አንዱ ፕሮግራም በሌላው ላይ የሚመካበትን ነገር በደንብ እንደማይዝ፣ በቅጡ እንዳልተፈተሸ ሳይሸሽግ ተናገረ። ባይነሪ ትሪ ምን እንደሆነ በቅጡ እንደማያውቅም አመነ። የኮምፒውተር ሳይንስ ጥያቄዎቻቸውን በደንብ ባልመልስ ምን ይገርማል አለ። በትዊቱም ይቅርታ ጠየቀ፤ ሚዛናዊ እንዳልነበረና በቁጣ የሚነዳውን የኢንተርኔት ንባብ እንደመገበ ጻፈ።

ግን እዚያ አላቆመም። ሶፍትዌሩ ይህን ያህል ለምን ተወደደ ብሎ ራሱን ጠየቀ። መልሱ ኮምፒውተር ሳይንስ ውስጥ የለም አለ። ሆምብሩው ለተጠቃሚው ያስባል፤ ችግር ሲገጥምህ ተመሳሳይ ችግር የገጠመውን ሰው ጊትሃብ ላይ ፈልጎ ያሳይሃል። ብዙዎቹ መሣሪያዎች ግን ደንታ የላቸውም። በመጨረሻም ጉግል ሊቀጥረኝ ይገባ ነበር ወይ ብሎ ጠየቀና አዎ አለ። አስቸጋሪ ሰው ነኝ፣ ኮምፒውተር ሳይንስም ብዙ ጊዜ አላውቅም፤ ሰው የሚወደው ነገር ግን እሠራለሁ፤ ይህ ጉግልን ባልጠቀመው ነበርን የሚል ነው የክርክሩ ይዘት።

ይህን መልስ ደጋግሜ አንብቤዋለሁ። ጉድለቱን በሙሉ ቆጥሮ አስረከበ፤ ዋጋውን ግን አልጣለም። የወደቀ ሰው ብዙውን ጊዜ ከሁለቱ አንዱን ነው የሚያደርገው። ወይ ፈተናውን ሙሉ በሙሉ ይረግማል፣ ወይ ራሱን። እሱ ሁለቱንም ተወ።

ከመልሱ የተማርኩት ሌላም ነገር አለ። ሃወል የሚያውቀውና ቃለ መጠይቁ የሚጠይቀው ሁለት የተለያዩ ነገሮች ነበሩ። ቃለ መጠይቁ ስለ ዛፎች ጠየቀ። ሰውየው የሚያውቀው ስለ ሰዎች ነው። ሰውን ሳያማርር የሚያገለግል መሣሪያ እንዴት እንደሚሠራ ማንም አልጠየቀው ይሆናል። ብትጠይቀው ምናልባት ሙሉ ቀን ያወራ ነበር። ፈተናው ያላየው ነገር እንደሌለ የሚቆጠር ከሆነ፣ ጥፋቱ ያለው በጥያቄው ላይ አይደለም። ጥያቄውን ለሰውየው ሁለንተና ምስክር ባደረገው ሰው ላይ ነው።

ሃወል ሥራ ፈትቶ አልቀረም። በዚያው ዓመት አፕል ገባ። እዚያም ስዊፍት የተባለው የአፕል የፕሮግራም መጻፊያ ቋንቋ ፓኬጅ ማኔጀር ላይ ሠራ። ማለትም ሆምብሩው ላይ ሲሠራው ወደ ኖረው ሥራ፣ ፕሮግራሞች አንዱ በሌላው ላይ ሲመኩ ማስተካከል ወደሚባለው ሥራ ተመለሰ። መሣሪያው ለሕዝብ የተለቀቀው በዲሴምበር 2015 ነው። ከትዊቷ ስድስት ወር በኋላ።

ነገሩ በሌሎችም ዘንድ ድፍረት ፈጠረ። ሩቢ ኦን ሬይልስ የተባለው የድረ ገጽ መሥሪያ ፈጣሪ ዴቪድ ሃይነማየር ሃንሰን በ2017 መጀመሪያ ላይ ሰሌዳ ላይ ባብል ሶርት (ቁጥሮችን በቅደም ተከተል የሚያሰልፍ ቀላል ዘዴ) ጻፍ ብትሉኝ እወድቃለሁ፣ ኮድም ሁልጊዜ ኢንተርኔት ላይ እፈልጋለሁ ብሎ በግልጽ ጻፈ። ብዙ ስመ ጥር ፕሮግራመሮች ተከተሉት። አንዱ የዚህን ቋንቋ ትዕዛዝ ሁልጊዜ እረሳለሁ ይላል፤ ሌላው ያኛውን። ለጀማሪ ይህን ማንበብ ትልቅ እረፍት ነው።

አሁን ግን የክርክሩን ሌላኛውን ጎን ማንሳት አለብኝ፤ ለእኛ ትልቁ ይህ ነውና። ጉግል የሃወልን ሥራ ማየት ነበረበት ስንል፣ ሥራው የሚታይለት ማን ነው? በነጻ ሰዓቱ ኦፕን ሶርስ፣ ማለትም ለማንም ክፍት የሆነ ኮድ የሚጽፍ፣ ኢንተርኔት የማይቆረጥበት፣ የራሱ ጥሩ ላፕቶፕ ያለው ሰው ነው። መብራት በሚጠፋበት ዶርም ውስጥ አንድ ኮምፒውተር ለሦስት የሚጠቀም ተማሪ ሆምብሩው የሚያህል ነገር ጊትሃብ ላይ አያስቀምጥም። ልጆች የምታሳድግ፣ ከሥራ በኋላ ሥራ የሚጠብቃት እናትም አታስቀምጥም። ስምህ ባይታወቅም፣ ማንም ባያስተዋውቅህም፣ ሰሌዳው ማን ነህ ብሎ አይጠይቅህም። ዛፉን ገልብጥ ይልሃል። ከገለበጥከው ገለበጥከው ነው።

ይህ ባዶ ሐሳብ አይደለም። በ2019 ቱርካዊው መሐንዲስ ኤምሬ ቫሮል አዲስ አበባ ላይ ኤ ቱ ኤስ ቪ የተባለውን ፕሮግራም ጀመረ። ስሙ ከአፍሪካ ወደ ሲሊከን ቫሊ የሚል ትርጉም አለው። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ፣ የአዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲና የአዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ገቡበት። ሥራቸው በዋናነት ሃወልን የጣለው ዓይነት ጥያቄ መፍታት ነው። በመቶዎች የሚቆጠሩ ጥያቄዎችን ይፈታሉ። እርስ በርስ እየተጠያየቁ ድምፅ አውጥቶ ማሰብን ይለማመዳሉ። በእንግሊዝኛ፣ ሰው ፊት፣ ሰዓት እየተቆጠረባቸው። ዝምታን ያስተማረቻቸውን ሰሌዳ ፊት ለፊት እየገጠሟት ነው። ከመካከላቸው ጉግል የገቡ አሉ።

ስለዚህ ያንኑ ጥያቄ ሁለት ጊዜ አየዋለሁ። አንዴ ሥራው በዓለም ዙሪያ የሚታወቅ ሰው ላይ በሩን ዘጋ። አንዴ ማንም የማያውቀው ተማሪ በሩን እንዲያንኳኳበት ድንጋይ ሆነለት። ጥያቄው አልተቀየረም። የተቀየረው በሩ ላይ የቆመው ሰው ነው። ይህን ካየሁ በኋላ የሰሌዳ ቃለ መጠይቅ ሙሉ በሙሉ ይቅር ከሚሉት ጋር መቆም አቅቶኛል። ሰሌዳው ብቻውን ይወስን ከሚሉት ጋር ደግሞ ድሮም አልቆምኩም። ሥራ ያለው ሰው ሥራውን ያሳይ፤ ጠያቂው ቁጭ ብሎ ኮዱን አብሮት ያንብብ፣ ይህን ለምን እንዲህ አደረግከው ብሎ ይጠይቀው። የሚያሳየው የሌለው ሰው በሰሌዳው ይግባ። የሁለቱንም በር መክፈት ለትልቅ ኩባንያ የሚከብድ አይመስለኝም።

ሊትኮድ የተባለውን የመለማመጃ ድረ ገጽ የሚያውቅ ሰው ባይነሪ ትሪ መገልበጥን ያውቀዋል። ጥያቄ ቁጥር 226 ነው። ከሥሩ የሃወል ትዊት ለዓመታት ሰፍሮ ነበር። ከርዕሱ አጠገብ ያለው የደረጃ ምልክት ደግሞ በአረንጓዴ ቀለም "ቀላል" ይላል።